ሙሽራዋና የጀልባው ሞተር

ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስሄድ ሚኒባሳችን ማንኩሳ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። ከመንገዱ ዳር አንድ ጎልማሳ የመስኖ ሞተሩን ገመድ እየደጋገመ ይስባል። ሞተሩ ያስላል እንጂ አይነሳም። ዘይት የተደባለቀበት የቤንዚን ሽታ በመስኮት ሲገባ ከጎኔ የተቀመጡት ሴት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ግን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ለእኔ የአባቴ ሽታ ነው፤ የአባይ ዳር ሽታ ነው፤ ከዚያም በላይ የአክስቴ የጥሩወርቅ ሰርግ ሽታ ነው።

ያደግኩት ከቡሬ ወደ አባይ ሲወረድ ባለው ቆላ ነው። ያኔ በእኛ በኩል ድልድይ አልነበረም። ገበያተኛው፣ ለቅሶ ደራሹ፣ ክርስትና የተጠራው ሁሉ የሚሻገረው በአባቴ ጀልባ ነበር። ጀልባዋስ ደህና ነበረች። ሞተሩ ግን ጣና ላይ ጉልበቱን ጨርሶ በስተርጅና ወደ እኛ የመጣ ነበርና ካልተለመነ አይነሳም። አባቴ ክዳኑን ከፍቶ «ዛሬ ደግሞ ምን አስቀየምንህ?» ሲለው፣ እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ አሸዋው ላይ ተደርድረን ይነሳል አይነሳም እያልን እንወራረዳለን። የተሸነፈ ያሸነፈውን አዝሎ እስከ ሾላው ይሮጣል። ኋላ ኋላ ጨዋታችን ሁሉ ሞተር ሆነ፤ አንዱ ሞተር ይሆናል፣ ሌላው መቀነቱን ይስበዋል፣ «ሞተሩም» ትፍ ትፍ ብሎ አሸዋው ላይ ይዘረራል።

የዚያን ሞተር ጠባይ ከአባቴ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአባቴ ታናሽ እህት ጥሩወርቅ። እኔ «እታ ጥሩ» ነበር የምላት። እናትና አባታቸው ካረፉ ወዲህ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ አንድ መደብ ላይ ነበር አብረን የምንተኛው። አባቴ ሞተሩን ሲፈታ ብሎኖቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዝለታለች። እሳት የምትረጨዋን ትንሿን ካንዴላ ጥላሸቷን ፍቃ ታጸዳለች። አንዳንዴ ድምፁን ከጓዳ ሆና ሰምታ «ጋሼ፣ ቤንዚን በዝቶበታል» ትላለች። አባቴ «አንቺ ደግሞ!» ይላታል፤ ከዚያ ያለችውን ያደርጋል።

የተዳረችው ለማዶ ሰው ነው። በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሙሽራው ብርሃኑ ከሚዜዎቹና ከአጎቱ ከአያ ተሰማ ጋር በጀልባችን መጣ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። መሄጃዋ ሲደርስ እናቴ ሸማ አከናንባት፣ ጉንጯን ስማ መከረቻት፤ «እንግዲህ ሙሽራ ዓይኗ መሬት፣ አፏ ቁልፍ ነው።» እታ ጥሩ አንገቷን ሰበረች። እኔ አብሬያት ሄጄ እንድሰነብት ወላጆቼን የለመነችው ራሷ ነበረች። አዲስ ቀሚሴን ለብሼ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፌ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

የወንዙ አጋማሽ ላይ እንደደረስን ሞተሩ አንዴ ተንተፋተፈና ዝም አለ። ጸጥታው ውስጥ፣ ከታች በኩል ውሃው ድንጋይ ላይ እየወደቀ ሲያገሳ ተሰማኝ። ጀልባዋ ወደዚያው መንሸራተት ጀመረች። አባቴ መቅዘፊያውን አነሳ፤ ሚዜዎቹ ደግሞ በዱላቸውም በእጃቸውም ውሃውን እየገፉ፣ እንደምንም ከወንዙ መሃል ካለች የአሸዋ ጉብታ ጋር አስጠጓት። ከመወሰድ ተረፍን፤ ግን እዚያው ቀረን።

አባቴ ክዳኑን አነሳ። ቤንዚን አለ፣ ቱቦውም አልተደፈነም። ካንዴላዋን ፈትቶ አወጣት፤ በቤንዚን ርሳለች። ጠረጋትና እሳት ከሚያመጣላት ገመድ ጋር እንዳለች የሞተሩን ብረት አስነክቶ፣ አንዱን ሚዜ የማስነሻውን ገመድ እንዲስብ አዘዘው። ጫፏ ላይ ብልጭ ማለት ነበረበት። ምንም የለም። ከኪሱ ሌላ ካንዴላ አውጥቶ ሞከረ። እሱም ያው ነው።

«ቤንዚኑስ አለ፤ የጠፋው እሳቱ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ከማዶ ሊቀበሉን የወጡት ሰዎች ከበሮ ይሰማል። ሲመሽ ጉማሬ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። አያ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «በእናንተ በኩል ውሃው ጥልቅ አይደለም፤ በዱላ እየገፋን ወደዚያው እንመለስ። ወንዙ ዛሬ እምቢ ብሎናል። የልጅቱን ነገር ሌላ ቀን እንመክርበታለን» አሉ። ልጅ ብሆንም የሙሽራ መመለስ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። «ከወንዝ የተመለሰችው» የሚል ስም ወጥቶላት፣ ስሟ ቀድሟት ውሃ ሊቀዳ ነው። የአባቴ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ብርሃኑ አንዴ አጎቱን፣ አንዴ ሸማውን ያያል፤ ለመናገር እሱም እንደ ሙሽራዋ አፍሯል።

ያን ጊዜ ከሸማው ሥር እጇ እጄን ጨበጠኝ። «ሂጂና ለአባትሽ የማጥፊያውን ሽቦ እየው በይው» አለችኝ፣ ትንፋሽ በሚያህል ድምፅ።

በሰዎቹ ጉልበት መሃል ተሹለክልኬ ነገርኩት። «አይቼዋለሁ በያት» አለኝ። ተመልሼ ነገርኳት። «ያየኸው ከላይ ነው፤ ከሥር እየው በይው» አለችኝ። ሄድኩ። «ከሥርም ደህና ነው በያት!» ተመለስኩ። ጀልባዋ በተመላለስኩ ቁጥር ትወዛወዛለች፣ ሚዜዎቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ እኔ ደግሞ የተላክሁትን እንዳልረሳ መንገዱን ሁሉ እየደጋገምኩት ነው የምሄደው። እንደገና ወደ አባቴ ስጓዝ ከኋላዬ ሸማው ሲወረወር ሰማሁ።

«ጋሼ! ሽቦው ነው አልኩህ እኮ!»

ሰው ሁሉ ደነገጠ። እታ ጥሩ ቀሚሷን ሰብስባ ተነሳች፣ ሚዜዎቹን ገለል አድርጋ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለች፣ በእንሶስላ የቀላ ጣቷን ከማጥፊያው ቁልፍ ሥር ሰደደች። ቁልፉ ሲጫኑት እሳቱን ወደ ብረቱ አስወስዶ ሞተሩን የሚያጠፋ ነው። ከቁልፉ የሚነሳው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሲፋቅ ኖሮ ልብሱ ተልጦ፣ ራቁቱን ብረቱን ተደግፎ ተገኘ። አንድ ሰው ሳያቋርጥ ማጥፊያውን ተጭኖት እንደተቀመጠ ማለት ነው። ከብረቱ አላቀቀችውና «ሳቡት» አለች። ሚዜው ሳበ። ካንዴላዋ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። አባቴ ጭኑን መታ።

ከዚያ ወደ እኔ እጇን ዘረጋች። ምን እንደፈለገች የገባኝ ዳቦውን ስትቀበለኝ ነው። ከፌስታሉ ቀደደች፣ ሽቦው ላይ ደጋግማ ጠመጠመችው፣ ከሸማዋ ዘርፍ ክር መዝዛ አሰረችው። አባቴ ካንዴላዋን መልሶ አጠበቀና ገመዱን ሳበ። ሽማግሌው ሞተር ሰማያዊ ጭስ ተፍቶ ተነሳ።

እልል ያለ ግን አልነበረም። ሁሉም አያ ተሰማን ነበር የሚያየው። እታ ጥሩ በዘይት የጠቆሩ እጆቿን ወደየት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ቆማለች። እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ጉድ ነው እኮ እናንተ» አሉ በመጨረሻ፤ «ሙሽራ ልንወስድ መጥተን ሙሽራ ወሰደችን!»

ጀልባዋ በሳቅ ልትገለበጥ ደረሰች። ብርሃኑ ነጭ መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት። እስከ ማዶ ድረስ እጇን ስትጠርግ እሱ የጠቆረውን መሐረብ ያይና ፈገግ ይላል።

የማዶው ቤት ስንደርስ እንደገና ተከናንባ፣ እጇን ሸማው ውስጥ ደብቃ ገባች። የሙሽራው እናት እትዬ የሺ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ኖሮ ጣሳ ውሃና ሳሙና ይዘው መጡ። እንግዳው ሁሉ እያየ እጆቿን ከሸማው አውጥተው በራሳቸው እጅ ያሹላት ጀመር። ጥቁሩ ከጥፍሯ ሥር እምቢ አለ።

«ተዪው» አሏት ቀስ ብለው፤ «እንሶስላውስ ይለቃል፤ ይሄኛው አብሮን ይኑር።» እታ ጥሩ በዚያ ቀን ያለቀሰችው ያኔ ብቻ ነው።

አሁን አባቴም የለም፣ ሞተሩንም ቁራሌው ወስዶታል። አባይ ላይ ድልድይ ተሠርቷል። ባለፈው ጥር ሴት ልጄን ፍኖተ ሰላም ላይ ስድር ሙሽሪት ስልኳን ይዛ ለሹፌሩ መንገድ ታሳየዋለች፣ ከሚዜዎቹ እኩል ትስቃለች፣ መልእክት የሚያመላልስላት አላስፈለጋትም። ደስ አለኝ። እታ ጥሩ ከማዶ በመኪና መጥታ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ስለዚያ ቀን አነሳንና፣ የሞተሩ በሽታ መቼ እንደገባት ጠየቅኳት።

«ገና ሲጠፋ ነው ያወቅኩት» አለችኝ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ዝም አሰኘሽ? የእናቴ ምክር ነው?»

«እሱም አለበት» አለች። «ግን ከተነሳ ይዞኝ መሄዱ አይደል? ከአሸዋው ላይ ሆኜ የቤታችን ጭስ ይታየኝ ነበር። ጥቂት ልየው ብዬ ነው።»

ዛሬ ድልድዩን መኪና በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። ደግ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ዳር ላይ አታድርም፣ ሕመምተኛም ሞተር እስኪነሳ አይጠብቅም። ከልጄ ሰርግ በኋላ እታ ጥሩን ለመሸኘት አብሬያት የተሻገርኩ ዕለት ግን የእኛን ዳር ላሳያት ፈልጌ «እታ ጥሩ፣ ያው» ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሷም ዞረች። መኪናው ከድልድዩ ወጥቶ ነበር።