የበጎቹ ሐኪም ነርስ ልትሆን

አዜብ የሙክቱን አንገት በጉልበቶቿ መካከል አጣብቃ ያዘች። በግራ እጇ መንጋጋውን ፈልቀቅ አድርጋ በቀኟ የትል ኪኒኑን ከምላሱ ጀርባ አኖረችው። ከዚያ አፉን ገጥማ ይዛ ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች በቀስታ ታሸው ጀመር። ሙክቱ ዐይኑን አፍጥጦ ቆየና ዋጠ።

"እኛንም እንዲህ ይዘሽ ነው የምታስውጪን?" አለ የሙክቱ ባለቤት ጥጋቡ። "ነርስ ልትሆን ነው ሲሉ ሰማሁ።"

"አንተ ትናከሳለህ። አንተን ለሌላ ሰው ነው የምሰጥ።"

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ገበያው በቆመ ቁጥር አዜብ ከምትሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ በር ሰው አይጠፋም። በጓን ይዛ የመጣች ሴት፣ የበጓ ጉዳይ ሲያልቅ፣ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ "እስቲ ይህችን ክንዴን እይልኝ" ትላለች። አዜብም "እኔ የከብት ነኝ፣ እናቴ፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ" እያለች ትመልሳለች። ባለፈው ክረምት ግን እማሆይ ወለተ ሚካኤል እጃቸው አብጦ መጡ። ብቻዬን አልሄድም ስላሉ ደግፋ ወሰደቻቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁስሉን አጥባ፣ በነጭ ፋሻ እየጠቀለለች፣ ስለ ልጅነታቸው ትጠይቃቸው ነበር። እማሆይ ሕመሙን ረስተው ሲጫወቱ አዜብ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አየች። በጎቹን ትወዳቸዋለች። ግን በግ አያወጋም። ከዚያን ቀን ወዲህ ነርስ የመሆን ሐሳብ አልለቀቃትም።

የሚማሩበት መንገድ ሁለት ነበር። አንደኛው ደብረ ታቦር ያለው ኮሌጅ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ይሰጣል፣ ከመጀመሪያው ተጀምሮ አምስት ዓመት ይፈጃል። ሥራዋን ሳትለቅ፣ ሳምንቱን አባቷ ቤት እያደረች ትማረዋለች። ሌላው ባሕር ዳር ያለው የተፋጠነው ነው። የእንስሳት ጤና ዲግሪዋን ቆጥረው በሁለት ዓመት ያስመርቋታል፤ ነገር ግን ትምህርቱ በየቀኑ ስለሆነ ሥራም መልቀቅ፣ አባትም ትቶ መሄድ አለ።

አባቷ መሪጌታ ቀለመወርቅ ዐይናቸው ደክሟል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚያበላቸው የአዜብ እጅ ነው። ወጡ ሲጣፍጥም ሳይጣፍጥም ምንም አይሉም፤ እሷ ግን ከአጎራረሳቸው ታውቅባቸዋለች።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነገረቻቸው። የአጎቷ ልጅ ልዕልትም ድንች እየላጠች እዚያው ነበረች።

"አባባ፣ ደብረ ታቦር ተመዝግቤአለሁ።"

"ባሕር ዳርስ ጠርተውሽ የለም?"

"እሱ ጥድፊያ ነው። ትምህርት ረጋ ሲሉበት ይበስላል። እርስዎስ ድጓ ሲማሩ ቤተ ልሔም ገዳም ስንት ዘመን ቆዩ?"

"ለእርስዎ ስትል ነው እንጂ" አለች ልዕልት ቀና ሳትል። "የባሕር ዳሩን ግቢ ፎቶ በስልኳ ስታይ አይደል የምትውለው።"

አዜብ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። አዜብ ተቆጡ ብላ ፈራች።

"ቤተ ልሔምን ምን ብዬ ነው የነገርኩሽ?" አሉ።

"ብዙ ዘመን እንደተማሩበት።"

"ብዙ ዘመን የተማርኩትስ ስማዳ ነው። የዜማውን ትምህርት፣ ድጓዬን፣ እዚያ ዘልቄ ቤተ ልሔም የወጣሁት ተፈትኜ ምስክር ለመሆን ነው። የኔታ ፊት አዜምኩ። ያወቅኩትን አሳለፉልኝ፣ የሳትኩትን አረሙኝ፣ የዜማው ምልክት የተበላሸበትንም ከመጽሐፌ ፍቄ አቀናሁ። ከፊደል ጀምር ያለኝ ሰው የለም። ቢሉኝ ደግሞ ዱላዬን አንስቼ እመለስ ነበር።"

"የእኔ እኮ የበግ ነው፣ አባባ።"

"በግስ አይታመም? ያወቅሽውን ይቁጠሩልሽ፣ የጎደለሽን ያርሙሽ። እኔን ግን ሰበብ አታድርጊኝ። ለመሆኑ አምስት ዓመት የመረጥሽልኝ እኖራለሁ ብለሽ ነው አልኖርም ብለሽ?"

አዜብ ከልዕልት ድንች አንዱን አንስታ ታገላብጥ ጀመር።

"እኔ አለሁላቸው" አለች ልዕልት።

"ያንቺ ሽሮ ይቀጥናል" አሉ መሪጌታ።

አዜብ ስለ ወጥ ሲናገሩ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት።

"እንግዲህ ባሕር ዳር ሂጂ" አሉ። "በመንገድሽ ደብረ ታቦር ወርደሽ ስምሽን አሰርዢ። ቦታውን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ።"

"እሺ፣ አባባ።"

በመሄጃዋ ጧት ለልዕልት የሽሮውን አሠራር ደጋግማ ነገረቻት። የአባቷን ካልሲዎች ጥንድ ጥንዱን አጣጥፋ ትራሳቸው ሥር አኖረች፤ ምርኩዛቸውንም እጃቸው በሚደርስበት አቆመችው። መሪጌታ እስከ ደጃፍ ወጥተው ሊመርቋት ጉንጯን ሲዳብሱ መጀመሪያ ጆሮዋን አገኙ። ጉንጯን ፈልገው እስኪደርሱበት ድረስ አዜብ ሳትነቃነቅ ቆመች።

አውቶቡሱ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ገብቶ ቆመ። ኮሌጁ ከዚያ ሩቅ አይደለም። አዜብ ስሟን ልታሰርዝ ቦርሳዋን ይዛ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ ያ ጆሮዋን የነካት እጅ ትዝ አላትና ቆም አለች።

"ወራጅ ነሽ?" አለ ረዳቱ።

"የለም፣ ባሕር ዳር ነኝ።"

ተመልሳ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ኮሌጁ አቅጣጫ እያየች ሳለ መኪናው ወደ ወረታ መንገድ ወጣ። ስሟም፣ አባቷ ቢደክሙ የምትመለስበት እንዲኖራት፣ ደብረ ታቦር ሳይሰረዝ ቀረ።