የደመኛዬ ልጅ የተረጎመችልን ፊልም

የታሰርነው ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። በብረቱ በር ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የከረመ ሰሊጥ ጠረን ነው። ቅባቱ ሲሚንቶው ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ኖሮ፣ በሙቀቱ ተመልሶ እየወጣ ያፍናል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም፤ ከላይ እጅ የማታስገባ የአየር ቀዳዳ አለችው። ቆላችንን የሚያውቅ ሰው የቀረውን ራሱ ይጨምርበት።

የተያዝኩት በከተማችን በኮኪት፣ ከቤቴ በራፍ ላይ ነው። ለሳሉጎች፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ግቢዬ ያለውን ራኩባ አከራያለሁ። ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ንፋስ የሆነ ዳስ ነው፤ የመጣ ሁሉ ይጠለልበታል። "ካደሩት ውስጥ የታጠቁ ነበሩ" አሉኝ ሊይዙኝ የመጡት።

"አዎ፣ ማጭድ ታጥቀዋል" አልኳቸው።

መልሱ አልጣማቸውም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ነው የያዝንሽ አሉ። ደግፎ የሚያወጣኝ ስላልነበረ መኪናው ላይ በጉልበቴ ተንፏቅቄ ወጣሁ።

ከመጋዘኑ ጥግ በጆንያ የተጋረደው የሴቶች ቦታ ነበር። ሁለት ሴቶች ተቀምጠውበታል። አንዷ ለአረም የወረደች ወሎዬ ናት፤ አፏ ሥራ አይፈታም። ሁለተኛዋ ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ቀና ስትል አወቅኋት። እሷም አወቀችኝ፤ የያዘችውን ጀሪካን ትታ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

በኛና በነሱ ቤት መካከል ደም አለ። አጎቷ የእህቴን ልጅ በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ በእርሻ ወሰን ገድሎታል። እርቅ አልወረደም። በኛ ዘንድ እርቅ ሳይወርድ ደመኛ ከደመኛው ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም፣ በአንድ ዕቃ አይጠጣም፣ እሳት አይጫጫርም። ቢገናኝም ኋላ የመጣው መንገዱን ትቶ ይመለሳል። መጋዘኑ ውስጥ ግን የሚመለሱበት መንገድ የለም። ጀሪካኑም አንድ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ቀን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። እኔ ከቤቴ በመጣልኝ የቆርቆሮ ኩባያ እጠጣለሁ፤ እሷ በጀሪካኑ ክዳን። ውሃው አንድ ቢሆንም ዕቃው ይለያል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ክዳኑ የሚይዘው አንድ ጉንጭ ነው። በዚያ ሙቀት እየቀዳች፣ እየጠጣች፣ ደግማ እየቀዳች አያታለሁ፤ ኩባያዬን ግን አልዘረጋሁላትም።

"እማማ፣ ይሄ ኩባያ ታቦት ነው እንዴ የማይነካው?" አለችኝ ወሎዬዋ።

"አንቺ አያገባሽም" አልኳት።

በአሥረኛው ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ተረኛዋ ጠባቂ ሴት ፖሊስ ነበረች። ሙቀቱ እሷንም አስመርሯታል። በሩን ከፍታ፣ ከጥበቃ ክፍሉ ቴሌቪዥኑን ጎትታ በሩ አፍ ላይ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ፊልሙን መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች ካምፕ ውስጥ የሚያሽከረክር ሾፌር በፍላሽ እንደሰጣት ነገረችን።

"ዝም ብላችሁ እዩ። አለቃ ከመጣ ግን አላየኋችሁም፣ አላያችሁኝም" አለች።

ፊልሙ የቻይና ነው። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል።

"ምን ይላል?" አለች ወሎዬዋ።

"እኔ ምን አውቄ! አንዱን ቃል ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል" አለች ፖሊሷ።

"እኔ አነበዋለሁ" አለች ልጅቷ ከግድግዳው ሥር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ስትጠብቅ ነበር የያዟት።

ታሪኩ ሩቅ አልሆነብንም። በአንድ ሸለቆ ሻይ የሚያለሙ ሁለት ቤቶች አሉ፤ በመሐላቸው ጅረት ይወርዳል። አያቶቻቸው በውሃው ተጋድለዋል። የላይኛው ቤት ልጅ የታችኛውን ቤት ልጅ ወደዳት። በእንጨት ድልድይ ላይ እየተገናኙ ያወራሉ፤ ሲያወሩም አይነካኩም።

"ውሃውን ተራ ገብተው አይካፈሉም?" አለች ወሎዬዋ። "አንድ ቀን ለነዚህ፣ አንድ ቀን ለነዚያ። ይሄ ያጋድላል?"

"ሽማግሌ ቢኖራቸው ኖሮ" አልኩ ሳላስበው።

"ኧረ እማማ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዘው ቻይናዎች ሽማግሌ አጡ?" አለች ፖሊሷ። ሁላችንም ሳቅን። ልጅቷም ሳቀች፤ እኔን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

ከዚያ ወዲያ የፊልሙ ልጅት የልጁን ቤተሰብ ልትሳለም ሄደች። የልጁ አያት፣ ፀጉሯን በእንጨት መርፌ የሰካች ሽማግሌ፣ ከገበታው ራስ ተቀምጣለች። ለልጅቱ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ሻይ ቀረበላት፤ ጠጣች። ልክ ስታስቀምጠው አያቲቱ ሳህኑን በበትሯ ከገበታው ጠርጋ ጣለችው። ተሰበረ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ አልጮኸችም።

"ምን አለች?" አለች ወሎዬዋ።

ልጅቷ ወደኔ ሰረቅ አድርጋ አይታ፣ "'ልጄ፣ መሽቷል፤ እግዜር ይከተልሽ፣ ደህና ግቢ' ነው የምትላት" አለች።

"ውሸት ነው!" አልኩ። በአሥር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገርኳት በዚህ ቃል ነው። "ዕቃ ሰብራ ደህና ግቢ የምትል ሴት የለችም። የተጻፈውን አንብቢ።"

ፖሊሷ ፊልሙን አቆመችው። የአያቲቱ ፊት ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

"አንቱን እንዳላስቀይም ብዬ ነው፣ እማማ።"

"ያስቀይመኝ። ያላለችውን አትጨምሪላት። ያለችውንም አትሸፍኚላት።"

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ አነበበችው። "'የነሱ አፍ የነካው ዕቃ ቤቴ አያድርም። ልጄም እሷን ከሚያመጣልኝ ሬሳውን ያምጡልኝ' ነው ያለችው።"

ወሎዬዋ እኔን ሳይሆን ኩባያዬን አየች።

"ይቺ ሴትዮ ቻይና አይደለችም" አለች በመጨረሻ። "ኮኪት ነው የተወለደችው።"

ፖሊሷ በሳቅ ፈነዳች። እኔ አልሳቅሁም። ኩባያዬን ከጀሪካኑ ሞልቼ ወደ ልጅቷ ገፋሁላት። አየችው። ከንፈሯ በጥማት ተሰነጣጥቋል። አላነሳችውም።

"እርቅ አልወረደም፣ እማማ" አለችኝ። ክዳኑን አንስታ በሱ ቀዳች።

የራሴን ሕግ ለራሴ መለሰችልኝ።

ፊልሙ ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ወሎዬዋ ልጅቷን፣ "ተጋቡ በይንና እንገላገል!" ብትላት፣ "ያላየሁትን እንዴት እላለሁ?" አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀረበልኝ። "እማማ፣ ዛሬ ቤትዎ ይገባሉ" አለኝ። በጽሑፍ የተሞላ ወረቀትና የጣት ቀለም ወደኔ አስጠጋ።

"ምንድን ነው?"

"ምስክርነትዎ ነው። ጣትዎን ብቻ ያሳርፉ።"

"አምጣው፣ ላንብበው።"

"ያነባሉ እንዴ?"

"በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ። እዘገያለሁ እንጂ አነባለሁ።"

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ያቺ ልጅ በሰሊጥ ጆንያ ጥይት ደብቃ ጫካ ላሉት ስታቀብል በዓይኔ እንዳየሁ ይላል። ቀኑ አለ፣ ቦታው አለ። እኔ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ አልነበርኩም።

"ደመኛዎ አይደለች?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሽማግሌ ያልመለሰውን ደም እርስዎ በአንድ ጣት ይመልሱታል።"

አልዋሽም፤ ጣቴ ሄዷል። የእህቴን ልጅ እኔ ነኝ አጥቤ የገነዝኩት። ቀለሙ ላይ አሳረፍኩት፤ ቀዘቀዘኝ። ያኔ ያቺ የፊልሙ ሽማግሌ ታየችኝ። እሷ እንኳ ክፋቷን በገዛ አፏ ነው የተናገረችው። ይህ ሰው ግን የራሱን ክፋት በኔ አፍ ሊናገር ነው። ትናንትና ልጅቷን ያላለችውን አትጨምሪ ብዬ በሰው ፊት አዋርጃታለሁ። ዛሬ እኔ ያላየሁትን ብጨምርባት በየትኛው ፊቴ ነው ተመልሼ የምቀመጠው?

ጣቴን በቀሚሴ ጠረግሁ።

"እስክሪብቶ ስጠኝ።"

ደስ አለው፤ ልፈርም መስሎት። ከጽሑፉ ሥር "ይህን አላየሁም" ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጥዬ ስሜን ከነአባቴ ስም። ፊደሎቼ እንደ ሰካራም ይንገዳገዱ ነበር። ወረቀቱን አንስቶ አየው።

"ሂጂ፣ ግቢ" አለኝ። አንቱታው እዚያው ቀረ።

ስመለስ ልጅቷ እንደቆመች ጠበቀችኝ። "ምን አሉዎት?"

"በሐሰት መስክሪባት አሉኝ።"

"መሰከሩ?"

"አላየሁም ብዬ ጻፍኩ።"

አላመሰገነችኝም። እኔም ምስጋና አልፈለግሁም፤ ሐሰት አለመመስከር ውለታ አይደለም። ተመልሳ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን መጥተው ወሰዷት። የኔን ጣት ሲያጡ የሌላ ሰው ጣት አግኝተው ይሆናል፤ አላውቅም። እኔን ከዚያ በኋላ አንድ ወር አቆይተው፣ ለምን እንደያዙኝ ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ።

ወሬው ቀድሞኝ ኮኪት ደርሷል። እህቴ፣ የሟቹ እናት፣ ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም። "የልጄን ደም መመለስ ሲገባሽ ለገዳዮቹ ጠበቃ ቆምሽ" ብላ ላከችብኝ። አልፈርድባትም፤ ልጇ አፈር ውስጥ ነው። ብጠየቅ ግን ዛሬም ያንኑ ነው የምጽፈው። እሷም እውነት አላት፤ እኔም እውነት አለኝ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ልጅቷ የት እንዳለች እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እናቷን አንዳንዴ ወፍጮ ቤት አገኛታለሁ። ማሽላዋን ተሸክማ ከበሩ ስትደርስ ታየኝና ቆም ትላለች። በሥርዓቱ ኋላ የመጣችው እሷ ስለሆነች መመለስ ያለባት እሷ ናት። እኔ ግን እህሌን አንስቼ እወጣለሁ። ባለወፍጮው፣ "እማማ፣ ተራው እኮ የአንቱ ነው!" እያለ ይጮህብኛል። ነገ እመጣለሁ እለዋለሁ። ስናልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ እኔም አዞራለሁ። ደግ ሆኜ አይደለም። ልጇ ቤቷ ብትሆን ኖሮ ተራዬን አልለቅላትም ነበር።