የቡሩልቻ ሲባጎዎች

ጎረቤቴ ቡሩልቻ ናሪን ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። ሁለት ሰዎች የት እንደሚገናኙ ሲቀጣጠሩ ከሰማች ጣልቃ ሳትገባ አታልፍም። "ይበልጥ የሚደክመው ማነው?" ትላለች። ባሏ "እሷ ፊት ቀጠሮ አትያዙ" እያለ ይቀልድባታል።

አንድ የጸደይ ወራት የትውልድ ሸለቆዋ ሰዎች መጡ። የወተት ማኅበራቸው ማቀዝቀዣ ሊተክል ነው፤ አራቱ መንደሮች ግን "እኛ ጋ ይሁን" ተባብለው ተኳርፈዋል። ሰብሳቢው ጁማቃድር ሻዩን ፉት እያለ፣

"ልጃችን ነሽ፤ አንቺ ከፈረድሽ ማንም አይሟገትም" አላት።

ቡሩልቻ ከጓሮ አሮጌ በር አስወጣች። ወንበሮች ላይ አጋድማ ካርታ ለጠፈችበትና መንደሮቹ ባሉበት በሳችው። አራት ሲባጎዎች መሃል ላይ አንድ ላይ ቋጠረች፤ ጫፋቸውን በየቀዳዳው ወደ ታች አሹልካ በየጫፉ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አንጠለጠለች። ወተቱ የበዛ መንደር ጠርሙሱም ከባድ ነው።

"ቋጠሮው የሚቆምበት ቦታ፣ የሁሉም ወተት ጉዞ ተደምሮ የሚያንስበት ነው" አለችና ለቀቀችው። ቋጠሮው ተንሸራቶ ቾንግ-አይል በተባለው መንደር ቀዳዳ ውስጥ ጥልቅ አለ። ለነገሩ ቾንግ-አይል ብቻውን ከሦስቱ ድምር የሚበልጥ ወተት አለው።

የቾንግ-አይሉ ጁማቃድር ጭኑን መታ። "አላህ ይባርክሽ! በሩም አወቀን!"

ከሸለቆው ራስ፣ ከታሽ-ቤል መንደር የመጣችው ሳይራካን ግን ፊቷ ጠቆረ። "ላም የበዛለት ሁሉን ይውሰዳ! ይህን ለማወቅ በር መብሳት ያስፈልጋል?"

ሁሉም ሳቁ። ቡሩልቻ አልሳቀችም። ቋጠሮውን ጎትታ ደግማ ለቀቀችው፤ ተመልሶ እዚያው ገባ። መልሱ ልክ ነው። ያልጣማት ጥያቄው ነበር።

"እትዬ ሳይራካን፣ ወተት ስትወስጂ አብሬሽ ልሂድ?"

በበጋው ሙቀት ሄደች። ያኔ የወተት ገዢው መኪና የሚቆመው ቾንግ-አይል ነው። በፈረስ ጋሪው ላይ ተቀምጣ፣ ትንሽ በሄዱ ቁጥር ጀሪካኑን ከፍታ ትቀምሳለች።

"መምህሯ፣ ባዶ ጀሪካን ልታስረክቢልኝ ነው?" አለች ሳይራካን።

መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ እስኪደርሱ ወተቱ ደህና ነው። ከድልድዩ ወዲያ መኮምጠጥ ጀመረ። በሌላም ቀን፣ በሌላም ጋሪ ሄደች፤ ያው ነው። ድልድዩ ደግሞ በሁለቱ ጫፍ መንደሮች፣ በታሽ-ቤልና በቾንግ-አይል፣ መሃል ላይ ነው።

ማቀዝቀዣው ድልድዩ ጋ ሊሆን እንደሚችል ለማኅበሩ ሰዎች ስትነግር ጁማቃድር ተቆጣ። "ያኔ እኛን መረጥሽ፤ አሁን ሐሳብሽን ቀየርሽ?"

"ሐሳቤን ሳይሆን ጥያቄዬን ነው የቀየርኩት፣ ጋሼ። ያኔ 'ድካሙ ተደምሮ የት ያንሳል?' አልኩ። አሁን 'ከሁሉ የሚርቀው መንደር ከመጠን በላይ እንዳይርቅ የት ይሁን?' እላለሁ። መልሳቸው ለየቅል ነው።"

"ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው?"

"እሱን ሒሳብ አይነግረኝም። እናንተ ንገሩኝ።"

ተጨቃጨቁ። የሚደፋው ወተት የማኅበሩ ሁሉ ኪሳራ መሆኑን ሳይራካን ደጋግማ አነሳች። በመጨረሻ የቾንግ-አይል ሰዎች "እንግዲያው የማኅበሩ መኪና ደጃችን ድረስ መጥቶ ይውሰድልን" ብለው በድልድዩ ተስማሙ። በተተከለበት በጋ የታሽ-ቤል ወተት ሳይኮመጥጥ ደረሰ። የቾንግ-አይል ሴቶች ግን መኪናው በዘገየ ቁጥር እስከ ዛሬ ያማርሩባታል።

አሁን ማኅበሩ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ አምሮታል። ቡሩልቻ ከተማሪዎቿ ጋር ኮምፒዩተር ላይ ተጥዳለች። ማቀዝቀዣው አንድ ሲሆን ፍለጋዋን ከየትም ብትጀምር መድረሻው አንድ ነበር፤ ሁለት ሲሆን ግን አጀማመሯን በለወጠች ቁጥር ስሌቱ ሌላ ቦታ ላይ ይቆምባታል።

"አያናድድም?" አልኳት።

"እንዴት ያናድዳል! የትኛው መንደር ወደ የትኛው ማቀዝቀዣ ይሂድ? እስቲ አንቺ ከየት ትጀምሪያለሽ?" ብላ ወንበር ሳበችልኝ።