አርሎ ሽራግ ስልቱን የለወጠበት ዓመት

አርሎ ሽራግ ከሚስቱ ከላቮን ቀጥሎ በዓለም ላይ አጥብቆ የሚወደው ነገር ቢኖር ኳስ ይዘው የሚሮጡ ልጆችን ማየት ነበር።

ያገሩ ልጆች ኳሱን በእግራቸው አይለጉም። ሞላላውን ኳስ እቅፋቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ራስ ቁር ደፍተው፣ ትከሻቸውን በመከላከያ አግዝፈው፣ መሬቱን ክንድ በክንድ እየቀሙ ወደ ባላጋራ ዳርቻ ይገፋሉ። ለመግፋት ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ኳሱን ይዞ መሮጥ፣ ወይ ቀድሞ ለሮጠ ጓደኛ አሻግሮ መወርወር። አርሎ በሳለም ክሪክ ኮሌጅ የማጥቃቱን ሥራ ከተረከበ ጀምሮ ሲያስሮጥ ኖረ። ዋና አሰልጣኞች መጡ፣ ሄዱ፤ እሱ እንደ ሜዳው አጥር ከቦታው ሳይነቃነቅ ቀረ። በሰኔ ከአባቱ የወረሰውን የካንሳስ ስንዴ ያጭዳል፣ በነሐሴ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ ከሕይወት የሚጠይቀው ብዙ አልነበረም።

ስልቱን የከተማው ሰው ሁሉ “ሦስቱ መንገድ” ይለው ነበር። ጨዋታውን የሚያስጀምረው ልጅ፣ አከፋፋዩ የሚሉት፣ ኳሱን ወይ መሃሉን ሰንጥቆ ለሚያልፈው ወፍራም ልጅ ይሰጣል፣ ወይ ራሱ ይዞት ይወጣል፣ ወይ በጎን ተከትሎት ለሚሮጠው ያቀብላል። ባላጋራ የትኛው እንደተመረጠ የሚያውቀው ሰውዬው ካለፈው በኋላ ነው። በደጉ ዘመን ይህን የሚጫወቱለት አብዛኞቹ ከዙሪያው እርሻ የመጡ፣ ጥጃ ሲገፉና የድርቆሽ እስር ሲሸከሙ ያደጉ ልጆች ነበሩ። ዋንጫም በልተዋል።

ዘመን ግን ዝም ብሎ አይቆምም። ትንሹን እርሻ ትልቁ ዋጠው፤ ብዙ ቤተሰብ ነቅሎ ወደ ከተማ ገባ። ኮሌጁ ልጆቹን ከቴክሳስ፣ ከፍሎሪዳና ከካሊፎርኒያ መልምሎ ማምጣት ጀመረ። እነዚህ ልጆች ቀጫጭን ናቸው፣ እንደ ንፋስ ይፈጥናሉ፣ በእግራቸው ከቆሙ ጀምሮ ሲወረውሩና ሲቀልቡ ያደጉ ናቸው። አርሎ እነሱንም በሦስቱ መንገድ ነዳቸው። በዚያ መከር አምስት ጊዜ ተጫውተው አምስቱንም ተሸነፉ። የመጨረሻውማ አርባ ሁለት ለሰባት ነበር።

ሰኞ ጠዋት አርሎ እንደ ልማዱ ዳርሊን ቁርስ ቤት ገብቶ እንቁላሉን አዘዘ። ከጀርባው ሁለት የቤቱ ደንበኞች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም ኤልመር፣ ሌላው ትራክተር ጠጋኙ ሮይ። ሁለቱም አርሎ መኖሩን አይተዋል።

“እኔ የምለው፣” አለ ሮይ ድምፁን ከወትሮው ከፍ አድርጎ፣ “ሰው አልፎ አልፎ ኳስ ቢያስወረውር ምን ይሆናል? ክንዱ ይወልቃል?”

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም?” አለ ኤልመር። “ዋንጫ ያበላን ሦስቱ መንገድ ነው።”

“ዋንጫው ላይ ሸረሪት አድርታበታለች።”

“አንተ ደግሞ አንድ ነገር ሲበላሽ ሁሉን ፈታትቶ መጣል ነው የምታውቀው። ትራክተሬ ክረምቱን ሙሉ ጓሮህ ተበታትኖ የከረመው ለዚህ ነው።”

“ደህናውን ጥርሴን ነቅለህ የታመመውን የተውክ ሰውዬ፣ ስለ መበላሸት አታውራኝ።”

አርሎ ዞር ሳይል እንቁላሉን ጨረሰ። ሲነሳ ግን በአጠገባቸው አለፈ። “ለቅዳሜ ራስ ቁር አመጣላችኋለሁ፤ ሁለታችሁንም አሰልፋለሁ” አላቸው። ሳቁለት፤ እሱም ሳቀ። መኪናው ጋ ሲደርስ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዋናው አሰልጣኝ ከርቲስ ኦደም እርሻው ድረስ መጣ። ከርቲስ ከዳላስ የመጣ ጥቁር ወጣት ሆኖ ነበር መጀመሪያ እዚህ የደረሰው። አርሎ አከፋፋይ አደረገው፣ ላቮን በየበዓሉ ቤቷ አበላችው፣ የመጨረሻውንም ዋንጫ ያነሳው እሱ ነው። አሁን ተማሪው የመምህሩ አለቃ ሆኗል። ነገሩን ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

አርሎ መጋዘኑ ውስጥ የዘር መዝሪያውን ማሽን እየጠረገ ነበር። ከርቲስ አንድ መፍቻ አነሳ፣ አገላበጠው፣ መልሶ አስቀመጠው።

“ኮች፣ ስንዴው እንዴት ነው?”

“ገና አልዘራሁትም። ስንዴ ልትጠይቅ አልመጣህም፤ ተናገረው።”

“ታቪየን መወርወር ይችላል።” ታቪየን ሪስ ከካቻምና ጀምሮ አከፋፋያቸው የሆነ የሂውስተን ልጅ ነው።

“መዝፈንም ይችላል። ሜዳ ላይ ግን አላዘፍነውም።”

“ኮች፣ ስልቱን እንለውጥ ነው የምለው። ለከርሞ አይደለም፣ አሁን።”

አርሎ መጥረጊያውን አስቀመጠ። “አንተን ሰው ያደረግኩህ በዚሁ ስልት ነው።”

“ለዚህ እኮ ነው ይህን ለመናገር አምስት ሽንፈት የፈጀብኝ።”

“አለቃው አንተ ነህ። እዘዘኝ።”

“እርስዎን አላዝም።”

“እንግዲያስ ለውጠው፤ እኔን ግን አትቁጠረኝ።”

 ከርቲስ ቆቡን አድርጎ ወጣ። ላቮን በመስኮት ስትጣራ እጁን አውለበለበላት እንጂ አልገባም።

ላቮን ስጋና ጎመን የታጨቀበትን ቢሮክ የሚሉትን ዳቦ ለሦስት ሰው ጋግራ ነበር። ትሪውን ባሏ ፊት አኖረችና ተቀመጠች።

“ልጁን ሳይበላ ሸኘኸው?”

“ራሱ ነው የሄደው።”

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።”

“ሞኝ ነህ በይኛ።”

“ወረቀት አላልኩህም መቼም።” ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችው። “መሬቱን ሳላርስ እዘራለሁ ብለህ የተነሳህ ጊዜ አባትህ ስንት ቀን አኮረፈህ? ‘ማረሻ ያልነካው መሬት እህል አያበቅልም’ እያለ። ዝናብ የጠፋ ዓመት ግን የማን ስንዴ ነበር የቆመው?”

“ያ ሌላ ነው።”

“አዎ፣ ሌላ ነው። ያኔ ልጁ አንተ ነበርክ።”

አርሎ ዳቦውን በላ። ላቮንም ሌላ አልጨመረችበትም፤ ከተጋቡ ጀምሮ የት ላይ ማቆም እንዳለባት ታውቃለች።

በማግስቱ ልምምድ ካለቀ በኋላ አርሎ የረሳውን ቆቡን ሊወስድ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ልጆቹ ወደ መታጠቢያ ገብተዋል ሲል እዚያው ናቸው፤ ራስ ቁራቸውን ሳሩ ላይ ጥለው እየተወራወሩ ይጫወታሉ። ታቪየን ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጥ የሚመስል ኳስ ይልካል፤ ኳሱ ሰማዩ ላይ እየተሽከረከረ ሄዶ የሚሮጠው ልጅ እጅ ላይ እንደ ለማዳ እርግብ ያርፋል። ከሃዋይ የመጣው ግዙፉ ኬኦኒ፣ ለሌሎቹ የሚመክተው የፊት መስመር አውራ፣ “ለእኔም፣ ለእኔም” እያለ ሮጦ፣ ኳሱን ሊቀልብ ሲዘል ተደናቅፎ ተዘረረ። መሬት ላይ ሆኖ እጁን ሲያወጣ ኳሱ እጁ ውስጥ አለ። ሁሉም በሳቅ ተንፈራፈሩ።

አርሎ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። እነዚህ ልጆች ሲስቁ ከነሐሴ ወዲህ ሰምቶ እንደማያውቅ የገባው ያን ጊዜ ነው። ታቪየንን በእጁ ጠራው።

“ይህን ሁሉ ስትችል ለምን አልነገርከኝም?”

“አልጠየቁኝም፣ ኮች። እርስዎ የጠየቁኝ ኳሱን ለማን እንደምሰጥ ነው። እሱን እየሠራሁ ነው።”

“ሦስቱን መንገድ ትወደዋለህ?”

ታቪየን ጫማውን አየ። “እርስዎን እወድዎታለሁ፣ ኮች።”

አርሎ መልሱን አገኘ። ቆቡን አንስቶ ሄደ።

ቤት አልቆየም፤ ላቮን ያስቀረችውን ቢሮክ በፎጣ አስጠቅልሎ ወደ ጎረቤት ከተማ ነዳ። እዚያ ዌንደል ፓንክራትዝ የሚባል አሰልጣኝ አለ። የባላጋራው ኮሌጅ ሰው ነው፤ በዚህ መከር ሦስተኛ ጨዋታቸው ላይ ሳለም ክሪክን ያንበረከከው እሱ ነበር። ከዓመታት በፊት መሮጡን ትቶ ወደ መወርወር ሲዞር አርሎ በሬዲዮ “ሰርከስ ከፈተ” ብሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከጨዋታ በኋላ ከመጨባበጥ ያለፈ ነገር የላቸውም።

ዌንደል በሩን ከፍቶ አየው። “ማን ሞተ?”

“ማንም።”

“ታዲያ ምን እግር ጣለህ?”

“መወርወር ላስተምር ብዬ ነው። አሳየኝ።”

ዌንደል ፊቱን ወደ ውስጥ መለሰ። “ማርታ፣ እስቲ ነይ ይህን ስሚ። አርሎ፣ ድገምላት።”

አርሎ ደገመላት። ሚስቱ ማርታ ሳቋን ለመደበቅ ፎጣውን ተቀብላው ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ዌንደል ወደ በረቱ ወሰደው። ጊደሮቹ መኖ መጣ ብለው በሩ ላይ ተጋፍተው ቆመዋል። “ይኸውልህ ቡድንህ” አለው። “አሥራ አንዱንም አንድ በር ላይ ታጭቃለህ። አንተ ስትታጨቅ ባላጋራህም መጥቶ እዚያው ይታጨቃል። እነዚያ የእርሻ ልጆችህ እያሉ ገፍተህ ታልፍ ነበር፤ አሁን በምን ትገፋለህ? በትናቸው። ከዳር እስከ ዳር አሰልፋቸው። ባላጋራህ እነሱን ለመጠበቅ ይበተናል። ክፍት ቦታ ያገኘ ልጅ ይቀልብ። መሃሉ ከሳሳ ደግሞ ሩጥበት፣ ማን ከለከለህ?”

“መሮጥም አለበት?”

“ምን መስሎህ ነበር? አንተን ግማሹን ያሸነፍኩህ እኮ በሩጫ ነው። አላየኸውም፤ ስትናደድ ነበር።”

አርሎ አንዷን ጊደር ጆሮዋን አሻት። “ያን ጊዜ በሬዲዮ ያልኩህን...”

“ዳቦው ይበቃል። ዘንድሮ አንድ ጊዜ ገጥመን ጨርሰናል፤ ስለዚህ የጠየቅከኝን ሁሉ እነግርሃለሁ። ለከርሞ ግን ደጄ አትምጣ።”

እስኪመሽ ድረስ የበረቱን አጥር ተደግፈው አርሎ ሲጠይቅ፣ ዌንደል ሲመልስ ቆዩ። ሲለያዩ አርሎ ከራሱ ጋር ታርቆ ነበር።

በነጋታው አርሎ የከርቲስ ቢሮ ገብቶ ሳይቀመጥ ተናገረ። “እንለውጠው። በየተራው የሚደረገውን መርጠህ ጨዋታውን የምትጠራው ግን አንተ ነህ፤ እኔ ዓይኔ ሩጫ ለምዷል። የፊት መስመሩን ስጠኝ። ወርዋሪ ቆሞ የሚወረውረው አምስቱ ከፊቱ ሲመክቱለት ነው። መመከት ማስተማር እችላለሁ።”

ከርቲስ ከወንበሩ ተነሳ። “ኮች፣ እርግጠኛ ነዎት?”

“አይደለሁም። ዛሬ ማታ መጥተህ ካልበላህ ግን ላቮን ከቤት ታስወጣኛለች። እሱን እርግጠኛ ነኝ።”

በአዲሱ ስልት የመጀመሪያው ጨዋታ አላማረም። ታቪየን ከወረወራቸው ኳሶች ሦስቱን ባላጋራ ጠለፈበት፤ ሠላሳ አንድ ለሃያ አራት ተሸነፉ። ሰኞ ዳርሊን ቤት ኤልመር “አላልኩም?” ሲል፣ ሮይ “ሃያ አራት ያገባነው መቼ ነው? ቁጥሩን ራሱ ረስቼው ነበር” አለው። አርሎ በዚህ ሳምንት ወንበሩን አዙሮ ከእነሱ ጋር ተቀመጠ።

የፊት መስመሩ ላይ ሌት ተቀን ሳይሆን ቀን ብቻ ሠራ። ኬኦኒንና አራቱን ጓደኞቹን እግራቸውን እንዴት እንደሚተክሉ፣ የሚመጣባቸውን ሰው ሳይወድቁ እንዴት ወደ ጎን እንደሚሸኙት አስተማራቸው። “ከኋላችሁ እናታችሁ ቆማለች በሉ፣” ይላቸዋል፣ “ማንም እንዳይነካት።” ኬኦኒ “የእኔን እናት ቢያይዋት ራሷ ነበር የምትመክተው” አለ። ሐሙስ ሐሙስ አምስቱን ቤቱ ያበላቸዋል፤ ላቮን የምትጋግረውን እጥፍ አደረገችው፤ ማጉረምረሟንም እንዲሁ፣ ደስ እያላት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ንፋሱ ከሰሜን እየነፈሰ፣ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጦ ሳለ፣ ሳለም ክሪክ በደረጃው ሁለተኛ ከሆነው ቡድን ጋር ገጠመ። በመጨረሻው ሩብ እኩል ነበሩ። ከርቲስ ጨዋታውን ጠራ፤ ልጆቹ ከዳር እስከ ዳር ተበተኑ። አርሎ ኳሱን አላየም። የሚያየው አምስት ጥንድ እግር ነበር። ኬኦኒ አንዱን መከተ፣ ዞሮ ሁለተኛውን ያዘ፤ ከአምስቱ አንድም ወደ ኋላ ያለ የለም። “እንዲያ ነው፣ እንዲያ ነው” ይላል አርሎ ለራሱ። ኳሱ የት እንደደረሰ ያወቀው ከተመልካቹ በተነሳው ጩኸት ነው። ከርቲስ መጥቶ ሲያቅፈው “ማን ቀለበው?” ብሎ ጠየቀ።

“አላዩም?”

“ሥራ ላይ ነበርኩ።”

በዚያ መከር ሦስት ጨዋታ አሸነፉ። ዋንጫ አልመጣም፤ ከደረጃው ግርጌ ግን ተነሱ፣ ማንም ከሥራው አልተባረረም። አርሎ ጨዋታ መጥራቱን ከተወ ወዲህ ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ እንደሚወስደው አወቀ። እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ እንዳጣ ራሱም አላስተዋለም ነበር።

ጸደይ ሲገባ ከከርቲስ ጋር ልጅ ለመመልመል ወደ ሂውስተን ወረዱ። የታቪየን እናት ወይዘሮ ዮላንዳ መምጣታቸውን ሰምታ ቤቷ ጠራቻቸው። አርሎ መኪናውን መንገዱ ዳር አቁሞ ሲወርድ ሕፃናት በቆሙት መኪኖች መሃል እየተሹለከለኩ ኳስ ይወረውራሉ፤ አንዲት ጠጉሯን የተጎነጎነች ልጅ በአንድ እጇ ቀለበችና መንገዱን ለቀቀችለት።

ወይዘሮ ዮላንዳ የተጠበሰ ዓሣ፣ ባሚያና የበቆሎ ዳቦ ዘርግታ ነበር። አርሎን ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ልጄን ሁለት ዓመት ሙሉ ኳስ ለሌላ ሰው ያሰጡት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።”

ከርቲስ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። እሷ ግን ትልቁን ዓሣ መርጣ አርሎ ፊት አኖረችው።

“ይብሉ እንግዲህ፤ ይቀዘቅዛል።”

አርሎ በላ። ሲጨርስ ደገመችለት፤ እሱም እንቢ አላለም።