የአባቴን ቃል ስተረጉም

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ከጂንካ ወደ ትውልድ ቦታዬ ገዘር የተመለስኩት ሥራ እስካገኝ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። ማመልከቻ ያስገባሁባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ «ቅጥር የለም» አሉኝ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ለተማረ ሰው ሥራ ማለት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሌላ በር አልነበረም። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። እናቴ የቀቀለችውን ጎደሬ እየበላሁ ተቀመጥኩ። እንግዳ ሲመጣ በጓሮ በር ወጥቼ እንሰቱ ውስጥ እገባለሁ። ማንም ያየኝ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን የግብር ስብሰባ ተጠራ። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከተዘጋ ወዲህ የገበሬ ማኅበሩ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ከአውራጃው የመጣው የገቢ ሹም ቋንቋችንን አሪኛን አይችልም፤ ሊቀ መንበሩ በጣቱ ጠቆመኝና «ይኼ የተማረ ነው፣ እሱ ያስተርጉም» አለ። የተማረ መባሌን ወደድኩትና ፊት ወጥቼ ቆምኩ።

ሹሙ ስለ መሬት መጠቀሚያና ስለ እርሻ ገቢ ግብር አስረዳ። «መንገድ የሚሠራው በዚህ ነው። ልጆቻችሁም ተምረው ሥራ የሚይዙት በዚህ ነው» አለ። አሳምሬ ተረጎምኩለት።

አባቴ እጁን አወጣ። ጸሎት ላይ እንጂ ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ድሮ ለባላባት እንገብር ነበር። እሱ ቀረ፣ መሬቱ የናንተ ነው ተባልን፣ ደስ አለን» አለ። «አሁን ግን ሜዳ ላይ የማርሰው እኔም፣ ገደል ላይ የምትቆፍረው ባሏ የሞተባት ጎረቤቴም እኩል እንከፍላለን። ይኼ ለምን አይስተካከልም?»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሹሙ ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ግን አልተቀመጠም።

«ሌላም አለኝ። ኮረሪማዬን እየሸጥኩ ልጄን አስተማርኩ። እሱ ግን ቤት ቀረ። አፈር እንዳይነካ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ቢሮ ደግሞ እናንተ ከለከላችሁት። ሰው በመጣ ቁጥር እንሰት ውስጥ ይደበቃል። ምን ላድርገው?»

ጎረቤቶቻችን፣ አብረውኝ የተማሩት፣ ሁሉም ሰምተዋል። ያልገባው ሹሙ ብቻ ነበር።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«ልጅ አለኝ ይላሉ» ብዬ ጀመርኩ። «ባስተምረውም ሥራ አላገኘም ይላሉ። ሰው ሲመጣ… ሰው ሲመጣ ይደበቃል ይላሉ።»

ሹሙ ፈገግ አለ። «እነዚህ ሥራ ፈቶች በየቦታው ናቸው። የታለ ልጁ? እዚህ ካለ ይነሳና እንየው።»

ዘወር ብዬ ይህንንም በአሪኛ ነገርኳቸው። አባቴ አንገቱን ደፋ። የሚነሳ ሰው አልነበረም፤ እኔ ቀድሞውኑ ቆሜ ነበርና።

«እኔ ነኝ» አልኩት በአማርኛ።

የሹሙ ፈገግታ ጠፋ። ክፉ ሰው አልነበረም። ስብሰባው ሲበተን ወደ ጎን ወስዶኝ «ይቅርታ ወንድሜ። የእኔም ታናሽ ወንድም እንዳንተ ሥራ አጥቶ ቤቴ ነው ያለው» አለኝ። ቀጥሎም ግብሩ ተሰብስቦ እስኪያልቅ አብሬው እየዞርኩ እንዳስተረጉም ጠየቀኝ፤ አበል ይከፈልሃል አለኝ። እሺ አልኩ። እምቢ ማለት ይገባኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በየገበሬ ማኅበሩ «ልጆቻችሁ ተምረው ሥራ ይይዛሉ» የምለው እኔ ሆንኩ። አንድ ቦታ ላይ አንዲት እናት እጄን ያዘችና «ልጄም እንዳንተ እንዲሆን ምን ላስተምረው?» አለችኝ። ፊቷን ማየት አቃተኝ። «ብቻ ይማር» ብያት ሄድኩ።

ግብሩ ሲያልቅ ሥራዬም አለቀ። አባቴ ከቤት ወጥቶ ተቀበለኝ።

«በሰው ፊት አዋረድኩህ» አለ።

«አላዋረድከኝም» አልኩ። እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«እንድትደበቅ ያደረግኩህ እኔ እንደሆንኩ ተሰማኝ፤ እሱ ነው ያናገረኝ» አለ። በማግስቱ ማሳ አብረን ወረድን። እጄ ውኃ ሲቋጥር ቀስ በል እንኳን አላለኝም፤ ለዚህ አመሰገንኩት። ከዓመታት በኋላ እዚያው አካባቢ በአስተማሪነት ተቀጠርኩ። የጎረቤታችን ግብር ግን እርሷ እስክትሞት ድረስ አልተስተካከለም።

ዛሬ ግብር ይሻሻል፣ ለወጣቱ ሥራ ይፈጠር ሲባል ስሰማ የራሴ አስተያየት አለኝ። ግብር የመሬቱን አቅም አይቶ መጣል አለበት እላለሁ። ተማሪውን ሁሉ ለቢሮ ወንበር ብቻ ማሳደጋችን እርሻውንም ሰውየውንም ጎድቷል። ሥራ ፈት የሚለው ቃል ደግሞ ሥራ ለምኖ ላጣ ሰው አይገባም። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ እነግራታለሁ። «ታዲያ ስብሰባ ላይ ለምን አትናገርም?» ትለኛለች። አንድ ሁለቴ ሞክሬ ነበር፤ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ ፊቴ ይግላል፣ የምለው ይጠፋብኛል፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።