ሱሉልታ፣ አንድ ሰው የቀረው!

ወንድሜ የህያ ከቡራዩ አስኮ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝም እሱ ነው። ታዲያ እኔ ልዳር ስል አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ። ቡራዩ ካለው ቤታችን ሱሉልታ እጮኛዬ ፈሀድ ቤት ድረስ የምሄደው የህያ በሚነዳው መኪና ነው! ሌላ መኪና አልገባም!

ችግሩ፣ የህያ መንዳት ካቆመ ከርሟል።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ግርግር ጊዜ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ መሀል ላይ ቆሞ ሳለ የፊት መስታወቱ ተሰበረ። አልሀምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ግን መሪ ይዞ ሰው ሰብሰብ ብሎ ካየ ልቡ ይደልቃል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ አየር ያጥረዋል። «ሞትኩ፣ ሚንሃ፣ ሞትኩ!» ይላል። እናታችን ጂን ነው ብላ ቁርአን አስቀራችበት። ሐኪሙ ደግሞ ልቡን በማሽን አይቶ «ልብህ ደህና ነው። ይሄ ጭንቀት ነው፤ ሞት ይመስላል እንጂ አይገልም። ሲመጣብህ ትንፋሽህን ቀስ አድርገህ አስወጣ» አለው። ሞከረ፤ አልሆነለትም።

መጨረሻ ላይ ከረዳቱ ከባይሳ ጋር ቦታ ተቀያየሩ። ባይሳ መንጃ ፈቃድ አለው፤ መሪ ያዘ። የህያ በር ላይ ቆመ። ታክሲ ተራው ላይ ያልሳቀ የለም። «ሹፌሩ በገዛ መኪናው ረዳት ሆነ!»

ግን አንድ ቀን ሰው እየጠራ እያለ ጭንቀቱ ጀመረው። ምን ያድርግ፣ «አስኮ! አስኮ! አስኮኦኦ…» እያለ ትንፋሹ እስኪያልቅ ጮኸ። ጮሆ ጮሆ ለቀቀው! ባይሳ እየሳቀ «ሐኪሙ ያለህ ትንፋሽ ይኸውልህ! ጥራ እንጂ!» አለው። ከዚያ በኋላ በመጣበት ቁጥር ይጣራል። መሪ ግን አልነካም።

የሰርጌ ቀን ደረሰ። እናቴ «ሙሽራ በሚኒባስ? ሰው ምን ይላል?» እያለች ሚኒባሱ በአበባ አጌጠ። የህያ ሱፉን ለብሶ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ እኔ፣ ሊወስደኝ የመጣው ፈሀድና ሚዜዎቼ ከኋላ ገባን።

«ባይሳ፣ አንተ ንዳ።»

«እኔ ዛሬ ረዳት ነኝ» አለና ባይሳ በሩን ገጭ አርጎ ዘጋው።

አስኮን አለፍን። አዲሱ ገበያን አለፍን። ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ፣ ድንጋይ! መንገዱ ላይ ድንጋይ ደርድረው ወጣቶች ቆመዋል። የህያ መኪናውን አቆመ። አንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ ከኋላ አየዋለሁ።

«ሚንሃ፣ መጣብኝ» አለ፣ ድምፁ ቅጥን ብሎ።

ቬሌን ገለጥኩና «ጥራ!» አልኩት።

«እዚህ ማንን ልጥራ?»

«ዝም ብለህ ጥራ!»

መስኮቱን አወረደ። «ሱሉልታ! ሱሉልታ! ሱሉልታአአአ… አንድ ሰው የቀረው!»

ወጣቶቹ ደነገጡ። ባይሳ በሩን ከፍቶ በኦሮምኛ «ሚስርሮ ቀብና!» አላቸው፤ ሙሽራ ይዘናል ማለቱ ነው። አንድ ረጅም ልጅ ወደ ውስጥ አጮልቆ አየኝ።

«ወይኔ! ሙሽራ በታክሲ! አንድ ሰው ከቀራችሁ እኔ ልግባ?»

«ግባ፤ ግን ሂሳብ አለው!» አለው የህያ።

የህያ ነው እኮ! ያ ሞትኩ የሚለው ሰውዬ ቀለደ! ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ድንጋዩን ገለል ገለል አደረጉልን፤ እየጨፈሩ አሳለፉን። ሙሽራ እልል አትልም ይባላል። እኔ አልቻልኩም፣ እልልታዬን አቀለጥኩት!

የህያ ማርሽ አስገባ። ከዚያ ወዲያ እሱ ብቻ አይደለም፣ ሚዜዎቼ ሲጣሩ፣ ፈሀድም በዚያ ሁሉ ሱፍና ከረባት «ሱሉልታ! ሱሉልታ!» እያለ ሲጣራ ሄድን። የመንገዱ ሰው ሁሉ እየቆመ ያየናል።

ፈሀድ ቤት ደጃፍ ስንደርስ የህያ ሞተሩን አጠፋና ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ነገም እኮ ይመጣብኛል፣ ሚንሃ።»

«ይምጣ! ትጣራለህ፣ ትነዳለህ።»

ፈገግ አለና መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

እኔም እንደ ተሳፋሪ ጮክ ብዬ «ወራጅ አለ!» አልኩ።