ፕሬዚዳንቱ የቆጠረው ምት

ሽፈራውን ጎሮ ላይ የማያውቀው የለም፤ የሚያውቀው ሁሉ ግን ምነው ባላወቅኩት ይላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ሲያሞቅ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ወንበሩ ቢቀርበትም ሰብሳቢነቱ አልቀረበትም። ዕድር ላይ አጀንዳ የሚያስይዝ እሱ፣ የመንገድ ኮሚቴ ውስጥ የሚገባ እሱ፣ ሠርግ ላይ ማይክ ካልጨበጠ ምግብ የማይወርድለት እሱ። ሥራ ሲመጣ ግን ወገቡን ያመዋል።

ጎልፍንም ያገኘው እንዲሁ ነው። አንድ የድሮ አለቃው ጎልፍ ሜዳ ምሳ ጋበዘው። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች ዱላቸውን ሰው አሸክመው ሲንሸራሸሩ አየና ልቡ ተሰረቀ። ጨዋታውን እኮ አይደለም የወደደው፣ ኮፍያውን ነው። በሳምንቱ ገዝቶ አደረገው። ዱላውን ግን እስከ ዛሬ በእጁ ነክቶት አያውቅም።

ቦሌ አራብሳ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ብሩክታይት የምትባል የስፖርት አስተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ሰብስባ ጎልፍ ታሠለጥናለች። ያላት ከሰው የለመነቻቸው አሮጌ ዱላዎች፣ አንድ ባዶ ሜዳና በጉድጓድ ፋንታ መሬት ውስጥ የተቀበሩ የቲማቲም ጣሳዎች ነበሩ። ልጆቹ ለጣሳው ሲቆፍሩ «አታርቁት፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» እያለች ታስቃቸዋለች። ሽፈራው አንድ ቅዳሜ ኮፍያውን አድርጎ ከች አለ። ትንሽ ቆይቶ ማኅተም አስቀርጾ መጣ፤ የታዳጊ ጎልፈኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኗል። ማን መረጠህ ያለው ሰው የለም። ብሩክታይትም ወረዳ ሄዶ ስለ ሜዳው የሚከራከርልኝ አፍ ያለው ሰው ይበጀኛል ብላ ዝም አለች። ለአፉስ ማን ብሎት።

ከልጆቹ አንዱ የእህቱ የእንቁ ልጅ፣ አብኔዘር ነው። እንቁ መገናኛ ልብስ ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከወንድሟ ጋር ነው፤ ልጁም አባት ብሎ የሚያየው ይህንኑ አጎቱን ነው። ምን ያድርግ፣ አባት አይመረጥም። አብኔዘር ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሳይሰብር ውሎ የማያድር ልጅ ነበር፤ ዱላ ሲይዝ ግን እጁ አደብ ይገዛል። ቅዳሜ በጠዋት ወጥቶ ማታ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። ሽፈራው ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ «እህ፣ ዛሬ ስንት መታህ?» ይለዋል።

«ስልሳ» ሲለው ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጎሽ፣ የኔ አንበሳ» ይላል ሽፈራው።

«አርባ አራት» ሲለው ደግሞ በደስታ፣ «አይዞህ፣ በርታ፣ ትደርሳለህ» ይለዋል።

ልጁ፣ ሲወድቅ አጎቱ የሚያጽናናው፣ ሲቀናው ደግሞ እንዳይኮራ የሚገስጸው መሰለው። ጉድ በል ጎሮ! ጎልፍ በትንሽ ምት ኳሱን ጉድጓድ ያስገባ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው፤ ይህን ከልጆቹ መሃል የማያውቅ የለም። ፕሬዚዳንቱ አያውቅም። እሱ ያደገው በእግር ኳስ ነው፤ መታ ማለት ለእሱ አገባ ማለት ነው፣ ብዙ የመታ ዋንጫ ይወስዳል። ብሩክታይት በየስብሰባው ደንቡን ስታስረዳ እሱ ስልኩ ይጠራና «ሃሎ፣ አዎ፣ ፕሬዚዳንቱ ነኝ» እያለ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰው አንድ ቀን እንኳ እንዴት ቁጭ ብሎ አይሰማም?

ዘንድሮ ወይዘሮ ዲና የሚባሉ ነጋዴ የልጆቹን ነገር ሰምተው መጡ። የሰፈሩን ውድድር የሚያሸንፈውን አንድ ልጅ፣ እውነተኛ ሣር ባለው ሜዳ፣ ከእውነተኛ አሠልጣኝ ጋር ዓመቱን ሙሉ አስተምራለሁ አሉ። አንድ ልጅ ብቻ። አብኔዘር ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል አልበላ አለው። የሚያሰጋው ረሆቦት የምትባል የአራብሳ ልጅ ናት፤ እሷም ቀላል አይደለችም። እንቁ ወንድሟን «ልጄን አደራ» አለችው።

«እኔ እያለሁ?» አላት ሽፈራው፣ ኮፍያውን እያስተካከለ።

የውድድሩ ቀን ለእንግዶች ንግግር አደረገ። ስለ ሐቀኝነት ብዙ ከተናገረ በኋላ፣ «በዚህ ሜዳ የቆጣሪ ቃል የመጨረሻ ነው፣ አይሻርም» ብሎ አስጨበጨበ። ቀጥሎ የአብኔዘርንና የረሆቦትን ምት እኔ ራሴ እቆጥራለሁ አለ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ እርስዎ እኮ አጎቱ ነዎት» አለችው ብሩክታይት።

«አንቺ ልጅ፣ በእንግዳ ፊት ልትጠረጥሪኝ ነው?»

ይሉኝታ ያዛትና ተወችው። አገራችንን የሚጎዳት ይሄ ይሉኝታ ነው።

ልጁ ያን ቀን ተጫወተ ነው የሚባል! ኳሷ የምትሰማው ይመስል ነበር። በአርባ አንድ ምት ጨረሰ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሜዳው አይቶ አያውቅም። ረሆቦት በአርባ አራት ተከተለችው። ሽፈራው በጣቶቹ አንድ ሳይስት ቆጥሯል፤ ቁጥር እንኳ ይችላል። ግን በእሱ ስሌት ልጅቷ በሦስት ምት በልጣዋለች! እህቱን ምን ሊላት ነው? ወዲያው መላ መጣለት። ለወንድ ልጅ አሥር ምን አላት ብሎ ወደ ብሩክታይት ሄደና፣ ድምፁን ሞላ አድርጎ፣ «ረሆቦት አርባ አራት፣ አብኔዘር ሃምሳ አንድ» አላት። እሷ በልጁ ማዘኗ ፊቷ ላይ ሲታይ፣ እሱ በቅናት ተቃጠለች ብሎ ተደሰተ።

ብሩክታይት ማይክ ይዛ፣ «አንደኛ፣ በአርባ አራት ምት፣ ረሆቦት» አለች።

ሽፈራው ከክብር ወንበሩ ብድግ አለ። «ተሳሳትሽ ልጄ። ሃምሳ አንድ እያለ አርባ አራት እንዴት ያሸንፋል?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ዲና እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ፕሬዚዳንታችን ቀልደኛ ናቸው። ብዙ የመታ ቢያሸንፍማ እኔም ዋንጫ ነበረኝ» አሉ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ነገሩ ገባው፤ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ።

አብኔዘር ወደ ፊት ወጣ። «ቲቸር፣ እኔ አርባ አንድ ነው የመታሁት» አለ። ረሆቦት መሬት መሬቱን ታያለች፤ የራሷን እንጂ የሰው አልቆጠረችም። ልጁ ግን አልተጨነቀም፤ ወደ አጎቱ ዞሮ ፈገግ አለ። «ጋሼ ነው የቆጠረው። እሱን ጠይቁት።»

ብሩክታይት ማይኩን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሽ ሽፈራው፣ ስንት ነበር?» አለች።

አንድ ቁጥር ነው የተጠየቀው። አርባ አንድ ብሎ፣ ተሳስቼ ነው ቢል፣ ቢበዛ ለአንድ ሳምንት ይሳቅበት ነበር። ሽፈራው እንግዶቹን አየ፣ ማኅተሙን አሰበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅ ነው፤ መሸነፍ ሲመረው ቁጥር ይጠፋበታል። እኔ የቆጠርኩት ልክ ነው» አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ይሄኛውስ ይዞ ነው ያስበላው። የልጁ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወይዘሮ ዲና ራሳቸውን ነቅንቀው ረሆቦትን ሳሟት።

ወደ ጎሮ በሚሄደው ታክሲ ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሽፈራው ብዙ ተቁነጠነጠና፣ «ስማ፣ እኔ እኮ ለአንተ ብዬ ነው አሥር የጨመርኩት። ብዙ የመታ የሚያሸንፍ መስሎኝ ነው» አለ። ይቅርታ መጠየቁ ነው እንግዲህ።

አብኔዘር ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል ይዟል። ሲናገርም ስለ ሽልማቱ አልነበረም።

«እና ጋሼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጎሽ ስትለኝ የነበረው ሲበላሽብኝ ነው?»

በዚህ መሃል የሽፈራው ስልክ ጠራ። ደስ እያለው አነሳው።

«ሃሎ፣ አዎ፣ ፕሬዚዳንቱ ነኝ» አለ።